ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የወገብ፣ የእግርና የተረከዝ ሕመምን በቤት ማስታገስ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ባለው የአዲስ አበባ መሀል ሰው ቀኑን ሙሉ ወይ ቆሞ ይውላል፣ ወይ ዳገትና ቁልቁለት ይወጣል ይወርዳል፣ ወይ ታክሲ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። ወገብና እግር የሚያስቸግረውም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጫና ሳይቀያየር ስለሚደጋገም ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለአዋቂዎች ነው። የፈለጉትን ጥያቄ መርጠው ማንበብ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን ግን እባክዎ አይዝለሉት።

ቤት ውስጥ መሞከር የሌለበት የትኛው ሕመም ነው?

ሽንት አልወጣ ካለዎት ወይም ሳይታወቅዎ ካመለጠዎት፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ (ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ) ከደነዘዘዎት፣ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ እየከዱዎት ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በአከርካሪው ታችኛ ክፍል ያሉት ነርቮች ታፍነው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዕድሉ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ነገ ይሻለኛል ብሎ ማደር ሽንት የመቆጣጠር አቅምን እስከ መጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል።

አንደኛው ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ በተለይ ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ፣ ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በፍጹም አይታሽ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከተጨመረበት ጉዳዩ ድንገተኛ ነው።

ቀስ ብለው የሚመጡም አሉ። ለሳምንታት የቆየ፣ ተኝተውም የማይተውዎት የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ መሆን አለመሆኑ መመርመር አለበት። ሳል የለኝም ብለው አይተዉት፤ የአከርካሪ ቲቢ ያለ ሳልም ይመጣል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ወገቡን እያመመው ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለስ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ የወገብን መገጣጠሚያ ይይዛል። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምና ቀድሞ ካንሰር የታከመ ሰው አዲስ የወገብ ሕመምም መታየት አለበት።

ወገቤን ሲያመኝ ሁሉም «ኩላሊት ነው» ይለኛል። በምን ልለየው?

የኩላሊት ሕመም ቦታው ከፍ ይላል፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ነው። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ያስጨንቃል፤ ሰውየው ቢተኛም ቢነሳም፣ ቢገላበጥም አይለቀውም፣ ወደ ብሽሽትም ይወርዳል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ይኖራል። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ቀበቶ የሚታሰርበት አካባቢና ከዚያ በታች ሆኖ ከእንቅስቃሴ ጋር ይለዋወጣል፤ ሲያጎነብሱ ይብሳል፣ ሲራመዱ ይቀላል፣ ወይም በተቃራኒው። ከተጠራጠሩ የሽንት ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው። ኩላሊቴ ነው እያሉ ውሃ በብዛት መጠጣት ብቻውን የጡንቻ ሕመምን አያድንም።

ወገቤ ድንገት ያዘኝ። ልተኛ ወይስ ልንቀሳቀስ?

ይንቀሳቀሱ። አልጋ ላይ መዋል ሕመሙን እንደሚያስረዝም በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። ጡንቻው ይደርቃል፣ መገጣጠሚያው ይተሳሰራል፣ ፍርሃቱም ይጨምራል። በመጀመሪያው ቀን ጋደም ማለት ካስፈለገ በጀርባ ተኝተው ባትዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ዳሌና ጉልበት በ90 ዲግሪ ይታጠፍ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ተነስተው በቤት ውስጥም ቢሆን 5 ደቂቃ ይራመዱ፤ በቀን ውስጥ ይህን እያፈራረቁ ይደጋግሙት።

ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ። መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፣ ሁለቱን እግሮች ከአልጋው ያውርዱ፣ በክንድዎ ገፍተው ይቀመጡ።

ሕመሙ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ብዙ ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ወለል ላይ ጋቢ አጥፈው ያንጥፉና እነዚህን ይጀምሩ። በጀርባ ተኝተው አንድ ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ 10 ሰከንድ መያዝ፣ በየጎኑ 5 ጊዜ። ቀጥሎ ጉልበት አጥፎ የወገብን ጉድጓድ ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ መጫንና መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥና መልሶ ማውረድ፣ 10 ጊዜ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት፤ 5 ሰከንድ ይዞ ማውረድ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ዙር።

መለኪያው ይህ ነው፦ በእንቅስቃሴው ሰዓት ቀለል ያለ ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ የባሰ ከሆነ ግን መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ሕመሙ ከወገብ ወደ ታች፣ ወደ እግር እየወረደ የሚሄድበትን እንቅስቃሴ ይተዉት። ከእግር ወደ ወገብ እየተሰበሰበ የሚመጣ ከሆነ ግን ወገቡ ላይ ትንሽ ቢያምም ጥሩ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ የለቀቀው ዕለት ነው። በ4ኛው ቀን ቀለል ሲለው ቤቱን ሙሉ ወልውሎ፣ ልብሱን ሁሉ አጥቦ፣ በ5ኛው ቀን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ ሥራውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ።

ከመቀመጫዬ እስከ እግሬ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ዲስክ ነው? ኤም አር አይ ልነሳ?

ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ የሚብስ ሕመም የነርቭ ሥር መነካት ምልክት ነው፤ መንስኤው ብዙ ጊዜ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ነው። ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ከወገብ ሕመም ግን ረዘም ይላል፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ኤም አር አይ (በመግነጢስ የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ጥያቄ የተዘረዘሩት የነርቭና የወገብ ምልክቶች ካሉ፣ እግር እየደከመ ከሄደ፣ ወይም ከ6 ሳምንት ትክክለኛ ሕክምና በኋላ ለውጥ ከሌለ ነው። ምስሉ በራሱ ሰውን ያስደነግጣል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ሲመረመሩ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ ያህሉ፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ የዲስክ ማበጥ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ አብጧል» የሚል ስለተጻፈ ብቻ ሕመምዎ ከዚያ ነው ማለት አይቻልም።

ጥንካሬዎን ቤት ውስጥ ይፈትሹ። ግድግዳ ይዘው 10 እርምጃ በጣትዎ፣ 10 እርምጃ በተረከዝዎ ይሂዱ። ተረከዝ ላይ ሲቆሙ የአንዱ እግር ፊት አልነሳ ካለ ወይም ሲራመዱ እንደ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ ካለ በዚያው ቀን ይታዩ። ወንዶች ደግሞ የገንዘብ ቦርሳዎን ከኋላ ኪስ ያውጡ፤ በታክሲ ወንበር ላይ በአንድ ጎን ብቻ መቀመጫን እየገፋ ነርቩን ይጫናል።

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን እንደ ሚስማር ይወጋኛል፤ ትንሽ ስራመድ ይተወኛል። ምንድን ነው?

ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር በውስጥ እግር የተዘረጋው ጠንካራ ጅማት ተጎድቷል። ሌሊቱን አጥሮ ያድራል፣ በመጀመሪያው እርምጃ ድንገት ይለጠጣል፤ የጠዋቱ ውጋት ከዚህ ነው። በራጅ የሚታየው «የተረከዝ አጥንት እሾህ» ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ነገር ግን ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም አላቸው፤ ለብቻው በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ከአልጋ ሳይወርዱ ይጀምሩ። የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አጋድመው ጣቶቹን በእጅዎ ወደ ቅልጥም ይሳቡ። ውስጥ እግርዎን በሌላው እጅ ቢዳስሱት ጅማቱ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር ይሰማዎታል። 10 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ። ይህን በቀን 3 ጊዜ ያድርጉ፤ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ከመነሳትዎ በፊትም ይድገሙት።

ቀጥሎ ባት። እጅዎን ግድግዳ ላይ አድርገው የታመመውን እግር ወደ ኋላ ይውሰዱ፣ ተረከዙ ከወለል እንዳይነሳ፣ ጣቶቹ ወደ ፊት እንዲያዩ። 30 ሰከንድ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 30 ሰከንድ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፤ በየዓይነቱ 3 ጊዜ። እግርን ወደ ውጭ ማዞር በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ እንዲያ ሲሆን ባቱ ሳይሆን የውስጥ እግር ቅስት ይለጠጣል።

ዘላቂ ለውጥ የሚያመጣው ግን ማጠናከሩ ነው። ፎጣ ጠቅልለው በደረጃ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡና ጣቶችዎን በፎጣው ላይ ያሳርፉ፤ ተረከዝዎ አየር ላይ ይሁን፣ የደረጃውን መደገፊያ ይያዙ። በ3 ሰከንድ ወደ ላይ ይነሱ፣ 2 ሰከንድ ይቁሙ፣ በ3 ሰከንድ ይውረዱ። 12 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ ቀን በመዝለል። በአንድ እግር ካልቻሉ በሁለቱ ይጀምሩ። ከ2 ሳምንት በኋላ መጻሕፍት የተሞላ ቦርሳ አዝለው 10 ጊዜ 4 ዙር፣ ከ4 ሳምንት በኋላ ክብደት ጨምረው 8 ጊዜ 5 ዙር ያድርጉ። በየቀኑ አይሥሩት፤ ጅማት የሚጠነክረው በእረፍቱ ቀን ነው። ለውጡን ለማየት እስከ 3 ወር ይታገሱ። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው፤ የምናዝነውም በእነሱ ነው።

ማታ ማታ ውሃ የሞሉበትን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በረዶ አድርገው፣ ካልሲ ለብሰው ለ10 ደቂቃ በውስጥ እግርዎ ያንከባሉት። ሙሉ ለሙሉ አይሙሉት፣ ሲቀዘቅዝ ይፈነዳል። በሴራሚክ ወለል ላይ በባዶ እግር አይሂዱ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፤ በቅዳሴ ሰዓት መቋሚያውን ተደግፈው ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ።

የተረከዝ ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል። ሲደጋገም ግን የተረከዙን የስብ ትራስ ያሳሳል፣ ጅማቱንም ሊበጥስ ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ዕድሜዎ ከ45 በታች ሆኖ ሁለቱም ተረከዞች የሚያምዎት፣ ወገብዎም ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ በእንቅስቃሴ የሚለቅ፣ በእረፍት የሚብስ ከሆነ፣ ይህ ከጅማት ያለፈ የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ስለሚችል የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው።

ጥበቃ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ። ማታ እግሬ ይከብደኛል፣ ያብጣል።

ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ እየጨመቀ ሲገፋው ነው፤ ዝም ብሎ ሲቆም ይህ ፓምፕ አይሠራም። በየ20 ደቂቃው 20 ጊዜ ተረከዝዎን አንስተው ያውርዱ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይም ይቻላል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ብሎኬት ወይም የለስላሳ ሳጥን ካለ አንድ እግርዎን ላዩ ላይ አሳርፈው በየጊዜው ያቀያይሩ፤ ወገብም ይቀለዋል። ለጸጉር ሠሪዎችም፣ ለአስተናጋጆችም፣ ለመምህራንም ያው ነው። ማታ በጀርባ ተኝተው እግርዎን ግድግዳ ላይ ለ15 ደቂቃ ይስቀሉ። ደም ሥሩ ተገትሮ የሚታይ ከሆነ ጠበቅ የሚለውን የደም ሥር ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ያድርጉ፤ እግር ካበጠ በኋላ ማድረግ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሲራመዱ ባት የሚይዝዎትና ሲቆሙ የሚለቅዎት ከሆነ ግን ካልሲውን ከመግዛትዎ በፊት ይታዩ፤ የደም ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል።

ልብስ ሳጥብና እንጀራ ስጋግር ወገቤ ይቆረጣል። ሥራውን መተው አልችልም።

መተውም አያስፈልግም፤ ከፍታውን መቀየር ነው። ሳፋው ወለል ላይ ሲሆን ወገብ ለሰዓታት ይጎብጣል። ሳፋውን ጠንካራ ወንበር ወይም ሁለት ብሎኬት በተደራረበበት ነገር ላይ ያውጡት፣ ክርንዎ ትንሽ ብቻ ታጥፎ እጅዎ እንዲደርስበት። ብርድ ልብስና ጂንስ በአንድ ቀን አያጣምሩ።

በጋገራ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ምጣዱ ሳይሆን የሊጡ ባልዲ ነው። ባልዲው ወለል ላይ ካለ 30 እንጀራ ማለት 30 ጊዜ ጠምዘዝ ብሎ ማጎንበስ ነው። ባልዲውን በምጣዱ ቁመት፣ በሚቀዱበት እጅ በኩል በርጩማ ላይ ያስቀምጡት። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ቆመው የሚጋግሩ ከሆነ አንድ እግር ዝቅተኛ ነገር ላይ ይሁን። አክንባሎውንም ከጎን ተጠምዝዘው ሳይሆን ፊት ለፊት ዞረው ያንሱ።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ከተቻለ በሁለት ባለ 10 ሊትር ይከፋፍሉት፣ በየእጅዎ አንድ። ሲያነሱ እግርዎን ከፈት አድርገው ጀሪካኑን በመሀል ያስገቡት፤ ከዳሌና ከጉልበት ይታጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሆድ አስጠግተው ይነሱ። ወገብ የሚቀጨው ክብደቱ ከሰውነት ሲርቅና አንስተው እግርዎን ሳያዞሩ በወገብ ብቻ ሲጠመዘዙ ነው።

ቡና ሲያፈሉ ዝቅተኛው በርጩማ ጉልበትን ከዳሌ በላይ ያደርገዋል፣ ወገብም ይጎብጣል። ጋቢ አጥፈው ከፍ ያድርጉት፣ በአቦልና በቶና መካከልም ተነስተው እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው 5 ጊዜ ወደ ኋላ ይለጠጡ።

ሌሊት ባቴን ይጨመድደኛል።

ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው ጣቶችዎን ወደ እርስዎ ይሳቡ ወይም ተነስተው ወለሉን በተረከዝ ይርገጡ፤ በደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ከመተኛትዎ በፊት ከላይ ያለውን የባት መለጠጥ ያድርጉ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሙቀት ይሻላል ወይስ በረዶ? ፍልውሃስ?

ለተያዘ ወገብ ሙቀት፣ ለአዲስ ወለምታና ላበጠ ቁርጭምጭሚት በረዶ። ሁለቱም በጨርቅ ላይ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የሞቀ የውሃ ጠርሙስ ይዘው አይተኙ፤ ሰው ሳይሰማው ይቃጠላል።

የፍልውሃ መታጠቢያ የደረቀ ጡንቻን ያፍታታል፤ ከ15 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ሲወጡ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ውሃ ይጠጡ። ከባዱ ስህተት ሰውነት ሞቆ እያለ ወዲያው ወደ ከባድ ሥራ መመለስ ነው። ስኳር ያለበት እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ የልብ ሕመምተኛና እርጉዝ ሴት ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ።

የትኛውን ኪኒን ልውሰድ? መርፌው ይፈጥናል ይሉኛል።

አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም፣ ከምግብ በኋላ፣ በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ወይም እርግዝና ካለ አይወሰድም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም ይተዉት። ፓራሲታሞል ጨጓራ አይነካም፣ ለወገብ ግን ደካማ ነው፤ ባለ 500ውን 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ካለ ወይም አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበት።

የዲክሎፌናክ መርፌ ከአይቡፕሮፌን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በመርፌ ቢሰጥም ጨጓራና ኩላሊትን አይምርም። ሁለቱን በአንድ ቀን አያጣምሩ። በጾም ወቅት ጠዋት በባዶ ሆድ ኪኒን ውጦ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለጨጓራ መድማት ይዳርጋል፤ መድኃኒቱን ከምግብ ሰዓትዎ ጋር ያስተካክሉ ወይም ሌላ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ወጌሻ ጋር ብሄድስ?

ለጡንቻ መታሸት ያስታግሳል፤ የለመደ እጅ ያለው ሰው ከሆነ ጥቅሙን አንክድም። ማስወጠር፣ ድንገት ማንቋቋትና ጠበቅ አድርጎ ማሰር ግን አይፈቀድም። የተሰበረ እግር ጠብቆ ሲታሰር ደም ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የደረሰበት አጋጣሚ በሀገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነው። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትተው ሆስፒታል ይሂዱ።

ወለል ላይ መተኛት ለወገብ ጥሩ ነው?

መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ይሻላል። መሀሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ካለዎት ይገልብጡት ወይም ከሥሩ ጣውላ ያስገቡ። በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል፣ በጀርባ ሲተኙ ከጉልበት ሥር ትራስ ያድርጉ።

ስኳር አለብኝ፤ ሌሊት ውስጥ እግሬ ይቃጠላል።

ይህ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ከላይ ያሉት የበረዶና የሙቀት ምክሮች ለእርስዎ አይሆኑም። እግርዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉ፤ ሲታጠቡም ውሃውን በክርንዎ ይሞክሩ። በየማታው ውስጥ እግርዎንና በጣቶች መካከል በመስተዋት ይዩ፣ ጫማ ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ጠጠር እንዳለ ይፈትሹ። ትንሽ ቁስልም ብትሆን በ1 ቀን ውስጥ ትታይ።

መራመድ ጥሩ ነው ካላችሁ የት ልራመድ? ሰፈሬ ዳገት ነው።

እንደ ሕመሙ ይለያያል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁልቁለት ይጎዳዋል፤ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረዱን በታክሲ አድርጎ ሽቅብ መመለሱን በእግሩ ቢያደርግ ይቀለዋል። ተረከዙን ወይም የተረከዙን ጅማት የሚያመው ግን በተቃራኒው፤ ዳገቱን በታክሲ ይውጣ፣ ቁልቁለቱን ይራመድ። ሲቆምና ሲራመድ እግሩ የሚደነዝዝ፣ ሲቀመጥ ወይም ሲያጎነብስ የሚለቀው ትልቅ ሰው የነርቭ መተላለፊያ መጥበብ ሊኖርበት ይችላል፤ ቁልቁለት ወገቡን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ያብስበታል። ለእሱ ሜዳ ይመረጥ፣ ለምሳሌ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ በየ5 ደቂቃው ቁጭ እያለ።

ኮብልስቶን ለቁርጭምጭሚት ያስቸግራል፤ ሶሉ በእጅ ሲጠመዘዝ በቀላሉ የማይጣመም ጫማ ያድርጉ። ጫማው በጣቶች ጋ ብቻ መታጠፍ አለበት፤ መሀሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ ለሩቅ መንገድ አይሆንም። ተረከዙ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይለኩ፤ እግር እስከዚያ ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ይራመዱ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ይድረሱ፣ በሳምንት 5 ቀን። አንድ ሳምንት ካቋረጡ ካቆሙበት ሳይሆን 10 ደቂቃ ቀንሰው ይጀምሩ።